ቤቴ ውስጥ መብራቱን የሚበላው ምንድን ነው?

የጀሞዋ እናት

ሰላም ናችሁ? አንድ ነገር ልጠይቃችሁ ነው። ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሡኝ።

የምንኖረው ጀሞ ኮንዶሚኒየም ነው። ባለሁለት መኝታ፣ አራተኛ ፎቅ። ስድስት ነን፤ እኔ፣ ባለቤቴ፣ አማቴና ሦስት ልጆች። ያለፈው ወር ቢላችን ላይ 343 ኪሎዋት ሰዓት ይላል። ታሪፉ ከመስከረም 2017 ጀምሮ በየሦስት ወሩ ከፍ እያለ እንደሚሄድ አውቃለሁ። እሱን እኔ ልቀንሰው አልችልም። ቁጥሩን ግን የግድ መቀነስ አለብኝ። የልጆች ትምህርት ቤት አለ፣ ጤፉ አለ፣ የአማቴ የደም ግፊት መድኃኒት አለ።

የማውቀውን ሁሉ አድርጌያለሁ። አምፖሎቹን በሙሉ ወደ ኤልኢዲ ቀይሬያለሁ። ቴሌቪዥን ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ ይጠፋል። ከክፍል ሲወጣ መብራት ያላጠፋ ልጅ ከእኔ ጋር ይጣላል። ትልቁ ልጄ ዘንድሮ የ12ኛ ክፍል ተፈታኝ ነው። ሌሊት ሲያጠና «በቃህ አጥፋው» እያልኩ አስቸግረዋለሁ። ባለፈው ሳምንት ሌሊት 7 ሰዓት ላይ ነቅቼ አልጋው ላይ አጣሁት። በሩን ከፍቼ ስወጣ ደረጃው ላይ፣ በጋራው መብራት ሥር፣ ጋቢ ተከናንቦ ደብተሩን ይዞ ቁጭ ብሏል። ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። አማቴም ማታ ማታ ክፍላቸው ውስጥ በጨለማ ነው የሚቀመጡት። «ለምን አያበሩም?» ስላቸው «መቁጠሪያ ለመቁጠር ምን መብራት ያስፈልጋል» ይሉኛል። ለእኔ አዝነው እንደሆነ ይገባኛል።

ይሄ ሁሉ ሆኖ የቀነሰው 6 ኪሎዋት ሰዓት ብቻ ነው።

ያለን ዕቃ የኤሌክትሪክ ምጣድ (በሳምንት ሁለቴ እጋግራለሁ)፣ ባለሁለት ምድጃ ስቶቭ፣ 50 ሊትር ቦይለር፣ 12 ዓመት የሞላው ፍሪጅ፣ ቴሌቪዥን ከነሪሲቨሩና ካውያ ነው። የልብስ ማጠቢያ ማሽን የለንም። ወዴት ነው የሚሄደው? ደግሞ በቴሌግራም ሶኬት ላይ የሚሰካ «ኃይል ቆጣቢ» የሚባል ነገር እየሸጡ ነው። ግማሽ ያስቀንሳል ይላሉ። ልግዛ ወይ?

ተከራዩ ከኮልፌ

እህቴ፣ አንቺስ የራስሽ ቆጣሪ አለሽ። እኛ ግቢ አራት አባወራ በአንድ ቆጣሪ ነን። አከራያችን ሒሳቡን የሚያካፍሉት በአምፖልና በዕቃ ብዛት ነው። እኔ ምጣድ የለኝም፤ እንጀራ ከሱቅ ነው የምገዛው። ግን ታሪፉ በደረጃ ስለሆነ፣ ከ50 በታች የሚጠቀም ሰው ዋጋው ትንሽ ነው፣ ከዚያ 100፣ 200፣ 300 እያለ ወደ ላይ ሲወጣ የአንዱ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋም አብሮ ይወጣል። የአራታችን ሲደመር ከ500 በላይ ነው። ለብቻዬ ብሆን ታችኛው ደረጃ ላይ የምቀመጥ ሰው ላይኛው ላይ ተቀምጫለሁ። መልስ አልሰጠሁሽም፣ ግን እኔም መልሱን ስለምፈልግ እዚህ አለሁ።

የመብራት ባለሙያ

እህቴ፣ መጀመሪያ ልጅሽን ወደ ቤት አስገቢው። ሒሳቡን ልሥራልሽ።

የኤልኢዲ አምፖሉ 9 ዋት ነው እንበል። ሌሊቱን 5 ሰዓት ቢያጠና፣ ወሩን ሙሉ፣ 1.35 ኪሎዋት ሰዓት ነው። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 እስከ 4 ኪሎዋት ይስባል። አንዴ ምጣዱን ለኩሰሽ አንድ ሰዓት ተኩል ብትጋግሪ 5 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ሄደ። የልጅሽ የሦስት ወር ጥናት ማለት የአንድ ቀን ጋገራ አይሞላም። እናታችንም መብራታቸውን ያብሩ።

ቤት ውስጥ ኤሌክትሪክ የሚበላው ሙቀት ነው። ምጣድ፣ ስቶቭ፣ ቦይለር፣ ካውያ። እነዚህን ሳትነኪ አምፖል ብታጠፊ፣ በርሜሉ እያፈሰሰ ማንኪያ እንደመቆጠብ ነው።

ግን እኔ ከዚህ ሆኜ መገመት አልፈልግም። ቆጣሪሽ ራሱ ይነግርሻል። ዲጂታል ከሆነ ፊቱ ላይ ብልጭ ብልጭ የምትል ቀይ መብራት አለች። አጠገቧ 1000 ኢምፕ ወይም 1600 ኢምፕ (imp/kWh) የሚል ጽሑፍ ፈልጊ። 1000 ከሆነ፣ መብራቷ 1000 ጊዜ ብልጭ ስትል 1 ኪሎዋት ሰዓት ቆጠረች ማለት ነው። አሁን የስልክሽን ሰዓት አውጪና በሁለት ብልጭታ መካከል ስንት ሰከንድ እንዳለ ያዢ። 3600ን ለዚያ ሰከንድ አካፍዪው። የሚመጣው ቁጥር በዚያች ደቂቃ ቤትሽ የሚስበው ዋት ነው። በ36 ሰከንድ አንዴ ከሆነ 100 ዋት ነው። በ3 ሰከንድ አንዴ ከሆነ 1200። 1600 የሚል ከሆነ በ3600 ፈንታ 2250 አድርጊው።

ከዚያ የማያስፈልገውን ሁሉ ከሶኬት ንቀይ። ፍሪጁንም ለግማሽ ሰዓት ንቀይው፣ ምንም አይሆንም። ማንም ውኃ ሳይነካ ቆጣሪውን ተመልከቺ። መብራቷ ዝም ካለች ጥሩ። ብልጭ ካለች አንድ የረሳሽው ነገር አለ ማለት ነው። አንዴ ብቻ አይተሽ አትመለሺ። ቦይለር ሲሞቅ ራሱን አጥፍቶ፣ ሲቀዘቅዝ እንደገና ይለኩሳል። ቢያንስ አንድ ሰዓት እየተመላለሳችሁ እዩት።

ያንን ሶኬት ላይ የሚሰካ ዕቃ አትግዢ። ይህን በደንብ ነው የምነግርሽ። ፈትቼ አይቻለሁ። ውስጡ አንዲት ካፓሲተር (ጥቂት ኤሌክትሪክ ይዛ የምትለቅ ትንሽ ዕቃ) እና አንድ አረንጓዴ መብራት ነው ያለው። የመኖሪያ ቤት ቆጣሪ የሚቆጥረው በትክክል የተጠቀምሽውን ኃይል ስለሆነ ያ ዕቃ ቢልሽ ላይ የሚቀንሰው ነገር የለም። ብርሽን ለቦይለሩ ጥገና አቆዪው።

ሁለት ነገር ልጨምር። አንደኛ፣ የምጣድሽን ሶኬት ስትጋግሪ በእጅሽ ጀርባ ዳሰስ አድርጊው። ከሞቀ ወይም ከጠቆረ ግንኙነቱ ላልቷል። እዚያ የሚቃጠለው ያንቺ ኤሌክትሪክ ነው፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ ቤት ያቃጥላል። ምጣድ በቀጭን ኤክስቴንሽን አይሰካም፤ የራሱ መስመርና የራሱ ብሬከር ይኑረው። ሁለተኛ፣ ማታ ከ12 እስከ 3 ሰዓት ባለው ጊዜ አትጋግሪ። ሰው ሁሉ የሚያበስልበት ሰዓት ስለሆነ ኃይሉ ይደክማል። 220 ቮልት መሆን ያለበት 180 ከሆነ፣ ምጣዱ የሚሰጥሽ ሙቀት ከሦስት እጅ ሁለት እጅ ብቻ ነው። ሳይግል ይቆያል፣ እየቆየም ሙቀቱ ወደ አየር ይሄዳል። ጠዋት ስትጋግሪ ያው ሊጥ ፈጥኖ ያልቃል።

ኮልፌ ላለኸው ወንድሜ፦ ከዋናው ቆጣሪ በኋላ በየበሩ የምትገባ ትንሽ ቆጣሪ አለች፤ ቀናሽ ቆጣሪ ይሏታል። አራታችሁ አዋጥታችሁ ብታስገቡ ቢያንስ በአምፖል መቁጠር ይቀራል፤ ሁሉም የበላውን ይከፍላል። የደረጃውን ነገር ግን አትፈታም። እሱ የሚፈታው አከራያችሁ ፈቅደው የየራሳችሁ ቆጣሪ ሲገባ ነው።

ባልትና

ልጄ፣ ባለሙያው ስለ ኤሌክትሪኩ ተናግሯል። እኔ ስለ ጋገራው ልንገርሽ። 30 ዓመት ጋግሬያለሁ፤ ግማሹን በእንጨት፣ ግማሹን በኤሌክትሪክ።

ምጣድ ገና ሲግልም ብዙ ይበላል። ያ ሸክላ እስኪግል 15፣ 20 ደቂቃ ባዶውን ይነዳል። ስለዚህ ምጣዱን የምትለኩሺው ሊጡ ተዘጋጅቶ፣ መቅጃውና ሰፌዱ አጠገብሽ፣ ማሰሻው በእጅሽ ሆኖ ነው። ብዙ ሰው ምጣዱን ለኩሶ ከዚያ አብሲቱን ማማሰል ይጀምራል። እኔም ልጅ ሆኜ እናቴ ትቆጣኝ የነበረው በዚህ ነው፤ ያኔ የሚባክነው እንጨት ነበር። አንዱ እንጀራ ሲነሳ ሌላው ወዲያው ይፈስሳል። ስልክ ቢጠራ አይነሳም። የመጨረሻዎቹን ሁለት እንጀራ እኔ ሶኬቱን ነቅዬ ነው የማወጣቸው፤ ሸክላው የያዘው ሙቀት ይበቃል። ዓይናቸው ትንሽ አነስ ይል ይሆናል፣ ግን ይበላሉ። ከዚያም ቢሆን ምጣዱ ቶሎ አይቀዘቅዝም። ቂጣ አድርጊበት፤ ካልሆነ የደረቀ እንጀራ ቆራርሰሽ ድርቆሽ አድርጊበት።

በሳምንት አንዴ ጋግሪ አልልሽም። ስድስት ሰው ላለው ቤት እንጀራ አራተኛው ቀን ላይ መሻገት ይጀምራል፤ ክረምት ሲሆን ደግሞ ይብሳል። ተሻግቶ የተጣለ እንጀራ ከመብራቱ በላይ ያከስራል። እኔና ጎረቤቴ የምናደርገውን ልንገርሽ። እሷ ማክሰኞ ለሁለታችንም ትጋግራለች፣ እኔ ቅዳሜ ለሁለታችንም። ሊጡን ሁላችንም በየቤታችን እናቦካለን፣ በጋገራው ቀን ባልዲያችንን ይዘን እንሄዳለን። አንዴ የጋለው ምጣድ የሁለት ቤት ያወጣል። ወሬውም አለ፣ ቡናውም አለ።

ስቶቭሽ ላይ ደግሞ ባቄላና ሽምብራ ማታ ዘፍዝፈሽ አሳድሪ። ሽንኩርቱን በየቀኑ አታቁላዪ። የሳምንቱን አንዴ አቁላልተሽ ቁሌቱን በየዕቃው ከፋፍለሽ ፍሪዘር ውስጥ አስቀምጪ። ድስትሽ ከምድጃው አይነስ፣ ክዳኑም ይግጠም። ሽሮው ሊወርድ 5 ደቂቃ ሲቀረው አጥፊው፤ ምድጃው በያዘው ሙቀት ይጨርሰዋል።

የጀሞዋ እናት

እግዜር ይስጣችሁ። ዛሬ ቅዳሜ ስለሆነ ጠዋት ሞከርነው። የሆነውን ልጻፍላችሁ።

የእኛ ቆጣሪዎች ምድር ቤት፣ ደረጃው ሥር ተደርድረው ነው ያሉት። ልጄን ወደ ታች ላክሁት፣ ስልክ ከፍተን እየተነጋገርን። እኔ ላይ ሆኜ አንድ በአንድ እነቅላለሁ፤ እሱ ብልጭታውን ይቆጥራል። ባለ 1000 ነው። ቴሌቪዥኑን ነቀልኩ፣ ሪሲቨሩን ነቀልኩ፣ ፍሪጁን ነቀልኩ። የልጆቹን ቻርጀር ሳይቀር ነቀልኩ። ቤቱ ጭር አለ። «አሁንስ?» አልኩት። «እማዬ፣ 10 ጊዜ ብልጭ ለማለት 24 ሰከንድ ፈጀች» አለኝ። አካፈለና «1500 ዋት» አለ። እኔ የማየው ነገር ሁሉ ጠፍቷል!

ከዚያ የመታጠቢያ ቤቱን የቦይለር ማብሪያ አጠፋሁ። «ቆመች!» ብሎ ጮኸ፤ ድምፁ በስልኩም በደረጃውም መጣ።

ማንም አልታጠበም ነበር። ለምን ያሞቃል? አማቴ ናቸው ያገኙት። መታጠቢያ ቤታችን ውስጥ የሻወሩ ቧንቧ ጠብ ጠብ ካለ ዓመት አልፎታል። ውኃ በፈረቃ ስለሆነ እንዳይባክን ብዬ ሥሩ ባልዲ አስቀምጣለሁ። ጠዋት 20 ሊትሩ ባልዲ ሞልቶ ይገኛል፤ ሽንት ቤት እንደፋበታለን፣ ወለል እንወለውልበታለን። ውኃ ቆጠብኩ ብዬ ደስ ይለኝ ነበር። አማቴ እጃቸውን ከቧንቧው አፍ ላይ አድርገው ቆዩና «ልጄ፣ ይኼ ለብ ይላል እኮ» አሉኝ። የሚንጠባጠበው በሙቁ በኩል ነው። ባልዲው ውስጥ ገብቶ ስለሚቀዘቅዝ አንድም ቀን አላስተዋልኩም።

ወንድሜ፣ ይሄ ብዙ ይበላል ወይስ እንዲሁ ነው የደነገጥኩት?

የመብራት ባለሙያ

ብዙ ነው። በሌሊት 20 ሊትር ከሆነ በ24 ሰዓት ወደ 40 ሊትር ነው። 40 ሊትር ውኃ በ40 ዲግሪ ለማሞቅ 1.9 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ይፈጃል። በወር 55 ገደማ። ባልዲ ሙሉ የሞቀ ውኃ ሽንት ቤት ስትደፉ ነበር ማለት ነው። በዚያ ላይ ቦይለሩ ቀኑን ሙሉ በርቶ ሲውል ከራሱ ገላ የሚወጣው ሙቀት አለ።

ቧንቧውን ዛሬውኑ አሠሪው። ብዙ ጊዜ የሚያልቀው ውስጧ ያለችው ጎማ ናት፣ ውድ አይደለችም። ቦይለሩን ከመታጠባችሁ አንድ ሰዓት ተኩል ቀድማችሁ አብሩት፤ ስትጨርሱ አጥፉት። ስድስታችሁም በተለያየ ሰዓት ከመታጠብ ተከታትላችሁ ታጠቡ። ውኃ በፈረቃ ከሆነ ደግሞ ይህን ልብ በሉ፦ ውኃ በሌለበት ቀን ቦይለር አይበራም። ባዶውን ከነደደ ማሞቂያው ይቃጠላል።

ፍሪጁንም ካነሳሽ አይቀር፣ የበሩን ጎማ በ10 ብር ኖት ሞክሪው። ኖቷን በሩ መካከል አድርገሽ ዝጊና ሳቢ። ሳትይዝ ሸርተት ብላ ከወጣች ጎማው አይገጥምም። በሩን ዙሪያውን በየቦታው ሞክሪ፣ የሚበላሸው ብዙ ጊዜ ከታች በኩል ነው። ፍሪዘሩ ውስጥ በረዶ ወፍሮ ከሆነም አቅልጪው።

የሰሚት ልጅ

የእኛ ቆጣሪ የድሮው ነው፣ ቀይ መብራት የለውም። ምን ላድርግ?

የመብራት ባለሙያ

መስታወቱ ውስጥ የምትዞር ክብ ሳህን አለች፤ ጠርዟ ላይ ምልክት አለባት። ሁሉን ነቅለህ ሳህኗ ከቆመች ምንም አይበላም። ከዞረች የረሳኸው አለ። ቀስ ብላ ከዞረች ትንሽ ነው፣ ከሮጠች የሚያሞቅ ዕቃ ነው።

የጀሞዋ እናት

ወር ስለሞላኝ ተመለስኩ። አዲሱ ቢል ደርሶኛል፤ 214 ይላል። ሁለቴ ነው ያየሁት፣ ከዚያ ለባለቤቴ ሰጠሁት፣ እሱም አነበበው። 214።

ቧንቧው ተሠርቷል። ቦይለሩ ጠዋት ከ11 ሰዓት እስከ 12 ተኩል ነው የሚበራው፤ ኃላፊነቱ የትልቁ ልጄ ነው፣ ያኔ ለጥናት ስለሚነሳ። የፍሪጁ ጎማ እውነትም ከታች አልያዘም፤ ኖቷ እንደ ደብዳቤ ነው የወጣችው። አስቀይሬዋለሁ። እትዬ፣ የእርስዎን ምክር ከፊት ለፊት በር ካለችው ጎረቤቴ ጋር ጀምረነዋል። መጀመሪያ የእሷ ሊጥ ከእኔ ይልቅ ወፍራም ስለሆነ ምጣዱ ላይ አልስማማ ብሎን ነበር። አሁን አብሲቱን አንድ ላይ እንጥላለን። እኔ ሐሙስ፣ እሷ እሑድ። የመጨረሻዎቹን ሁለት እንጀራም ነቅዬ ነው የማወጣው፤ ማንም ልዩነቱን አላወቀም።

የቴሌግራሙን ዕቃ አልገዛሁም።

ልጄ ሳሎን ጠረጴዛው ላይ ነው የሚያጠናው፣ መብራቱን አብርቶ። ሌሊት ስነሳ ሻይ አስቀምጥለታለሁ። አማቴ ግን አሁንም አልፎ አልፎ ያጠፋሉ። ትናንት ማታ ገብቼ አበራሁላቸውና የልጄን ሒሳብ ነገርኳቸው፦ የእርስዎ አምፖል ወሩን ሙሉ ማታ ማታ ቢበራ የአንድ ቀን ጋገራ ሲሶ አይሆንም አልኳቸው። «እንግዲያ ዳዊቴን ልድገምበት» ብለው መነጽራቸውን ፈለጉ።

ወንድሜ፣ አንድ ጥያቄ ቀርቶኛል። ከ200 በታች ገብቼ ደረጃውን ዝቅ ለማድረግ 14 ኪሎዋት ሰዓት ይቀረኛል። ካውያው ነው እንዴ የቀረው? ባለቤቴ ሸሚዙን በየጠዋቱ አንድ አንድ ነው የሚተኩሰው።

የመብራት ባለሙያ

ካውያ ብቻውን 14 አያመጣም፣ ግን እሑድ የሳምንቱን አንዴ ይተኩስ፤ በየቀኑ ከማጋል ይሻላል። ቀሪውን ስቶቩ ላይ ፈልጊው። የቡና ውኃ በምንድን ነው የምታፈሉት? ጀበናው ቂጡ ክብ ስለሆነ ምድጃው ላይ በደንብ አይቀመጥም፤ ሙቀቱ በጎን ያልፋል። ውኃውን በኤሌክትሪክ ማንቆርቆሪያ አፍልተሽ ወደ ጀበናው ብትገለብጪው ምድጃው ላይ የሚቆየው ለመንተክተክ ብቻ ነው። በቀን ሦስቴ የሚፈላ ከሆነ በወር የሚታይ ነገር አለው።

የጀሞዋ እናት

በቀን ሦስቴ ነው፤ አማቴ ያለሱ አይሆንላቸውም። ነገ ጠዋት በመጀመሪያው ቡና እንሞክረዋለን፤ ልጄ ቆጣሪው ጋ ይወርዳል። ቁጥሩን እጽፍላችኋለሁ።